ቀይ ቀለበት ያጠለቁት አሥሩ

ቀይ ቀለበት ያጠለቅኩላቸው አሥሩ ዶሮዎች ለምን አልሞቱም? ያን ሰሞን ከራሴ ጋር የምሟገተው በዚህ ነበር።

ክትባቱ የተሠራው ለቆየው የወፍ ጉንፋን ነው። አሁን የገባው የዚያው ዘመድ ቢሆንም መልኩን ቀይሯል። ለአንዱ የተሠራ ክትባት ሌላውን ይመክት እንደሆነ፣ ስድስት ዓመት ባሕር ማዶ የእንስሳት ሕክምና የተማርኩት እኔም በእርግጥ አላውቅም። ስለዚህ የታላቅ እህቴ ስድስት መቶ ዶሮዎች ሲከተቡ አሥሩን ለይቼ እግራቸው ላይ ቀይ ቀለበት አጠለቅኩ። በሽታው ቤቱ ከገባ ቀድመው የሚወድቁት ያልተከተቡት ናቸው። ምስክሮቼ ነበሩ።

«እነዚህ ይቅሩ፤ ለሙከራ ናቸው» አልኳት። ለምን እንደሆነ ግን አላስረዳኋትም።

«ሊቁ ካዘዘ ምን ይደረጋል» አለች መርፌውን እየሞላች።

በየሳምንቱ እየሄድኩ እቆጥራቸው ነበር። በሦስተኛው ወር በሽታው አጎራባች ሠፈር ደረሰ ተባለ። አሥሩ ግን መኖ ይለቅማሉ። ከጉሮሯቸው ናሙና መውሰድ እችል ነበር፤ ቆመው እያየኋቸው ምን አደከመኝ ብዬ ተውኩት። የጤና ማረጋገጫው ላይ «ቤቱ ንጹህ ነው» ብዬ ፈረምኩ።

በፊርማዬ ተማምና አክስታችን ከእህቴ ሃያ ቄቦች ወሰደች። እናታችን ስትሞት ያሳደገችን እሷ ናት። ልጅ የላትም፤ ሰማንያ ዶሮዎቿ መተዳደሪያዋም የወሬ ጓደኞቿም ነበሩ። ክትባቱ እነሱ ዘንድ አልደረሰም።

በአምስተኛው ቀን አስጠራችኝ። ሰማንያዎቹ ፊታቸው አብጦና ጠቁሮ ወለሉ ላይ ተነጥፈዋል። ሃያዎቹ ቄቦች በሬሳው መሐል እየተራመዱ ውሃ ይጠጣሉ።

«የእናንተዎቹ ደህና ናቸው» አለች አክስቴ። «ደግ ነው። ከሁለት ቤት አንዱ ይትረፍ።»

እህቴ ቤት ስደርስ እንቁላል ትደረድር ነበር።

«አሥሩን ከትበሻቸዋል እንዴ?»

«ታዲያስ። ጠርሙሱ አንዴ ከተከፈተ አያድርም ያልከኝ አንተው አይደለህ? መድኃኒቱ ተረፈኝ። እነሱስ ምን በደሉ፣ የእንጀራ ልጅ ናቸው?» ቀና ብላ አየችኝ። «ምነው፣ አጠፋሁ?»

ክትባቱ ዶሮዎቹን ከሞት አድኗል፤ በሽታውን ግን ከላያቸው አላጠፋም። ሳያማቸው ተሸክመውት አክስታችን ቤት ገቡ። ይህን ሊነግሩኝ የቆሙትን አሥሩን፣ እሷ በርኅራኄዋ እኔ በዝምታዬ አፋቸውን ዘጋነው።

«ስድስት መቶዎቹም መወገድ አለባቸው» አልኳት።

በእጇ የያዘችውን እንቁላል ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ሳትፈርም ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር።»

በማግስቱ የእህቴ ግቢ ባዶ ሆነ። ለአክስቴ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አላነሳችም። በመጨረሻ ጻፍኩላት፦ «አክስቴ፣ በሽታውን ያመጡብሽ ከእኛ የወሰድሻቸው ቄቦች ናቸው። ንጹህ ናቸው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እህቴ አታውቅም ነበር፤ እሷን አትቀየሚያት። መቼ ልምጣ?»

መልስ ሳላገኝ ይኸው ስምንት ወር ሆነ።