የማጅራቷ ጉብታ

«ስፌት ነው የበላት» አለ አባት ለገቡት ለቀስተኞች። «ዕድሜዋን ሙሉ መኪናው ላይ አቀርቅራ። ቀና በይ ብላት፣ ብላት፣ መች ሰምታኝ!»

ለቀስተኞቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሴት ልጁ የሻይ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። እናቷ ካረፈች ጀምሮ ይህንኑ ለገባ ለወጣው ሲደግም ጥርሷን ነክሳ አልፋዋለች።

እናት ልብስ ሰፊ ነበረች። ማጅራቷ ላይ ጉብታ ሲወጣባት ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አባት ትራሷን ወስዶ ሳንቃ ላይ አስተኛት። ደንበኞቿ ቀለዱባት፤ እሷም አብራቸው እየሳቀች የቀሚሷን ጀርባ አሰፋች። ፊቷ ድቡልቡል ሲል ደግሞ «ተመችቷታል» ተባለ።

በመጨረሻ ልጇ ሆስፒታል ወሰደቻት። ሐኪሟ ጉብታውን ዳሰሰችና ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ጠየቀቻት። ለመገጣጠሚያ ሕመሟ ያለ ማዘዣ እየገዛች ለዓመታት የዋጠችው ኪኒን ነበር። ጉብታው በኪኒኑ የተነሳ የተጠራቀመ ስብ ነው፤ የምትወስደው መጠን ሲቀንስ ጉብታውም ይቀንሳል አለች ሐኪሟ። ግን ቀስ በቀስ። ኪኒኑ የሚተካውን ነገር ሰውነቷ ራሱ ማምረት ትቷልና በአንዴ ከተቋረጠ ይገድላታል።

ልጅ ይህን ለአባቷ ልታስረዳ ሞከረች። አባት መካኒክ ነው፤ እሱ ዘንድ የተበላሸ ነገር ተነቅሎ ይጣላል። «ኪኒኑ ነው» የሚለውን ሰማ፤ «ግን» ስትል ተነስቶ ወጣ። በማግስቱ ልጅ ሥራ ስትሄድ ኪኒኑን ሽንት ቤት ደፋው። እናት «ሐኪሟ እኮ ቀስ በቀስ ብላለች» ብትለው «መርዝ ቤቴ አይገባም» አላት። ጠብ እንዳይነሳ ብላ ከልጇም ደበቀች። ማስመለሱን ብርድ ነው፣ ድካሙን ሥራ ነው እያለች ቆየች። ልጅ እውነቱን ያወቀችው እናቷ ራሷን ስታ ከወደቀች በኋላ ነው።

አሁን ልጅ ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ስፌት አይደለም የገደላት፣ አባዬ።»

አክስቷ ሰው ፊት ነው፣ በኋላ ይደርሳል ብላ ልትጎትታት ሞከረች።

«ለእሷ ብዬ ነው» አለ አባት ድምፁ እየተሰበረ። «ኪኒኑ ነው አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ። ግማሹን ሰምተህ ሄድክ።»

አባት እንደ ልማዱ ብድግ አለ። ልጅ የኮቱን እጅጌ ጨምድዳ ያዘችና መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ሐኪሟ ያለቻትን ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ቃል ሳታስቀር፣ እያለቀሰች ነገረችው። ሁለቴ ሊነሳ ሞከረ፤ ሁለቴም ጎተተችው። «ግን» የሚለው ላይ ስትደርስ ዓይኑን ጨፈነ።

ነግራው ጨረሰች። እጅጌውን ግን አልለቀቀችም።