የድንቹን ነገር አልናገርም

እንጅባራ ከመናኸሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ አንዲት የንባብ ክፍል አለች። ሦስት መደርደሪያ፣ አራት አግዳሚ ወንበር፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር የሚቀመጥ አንድ ባልዲ አላት። የምትጠብቃት ዮዲት የምትባል የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ዮዲትን አንድ ነገር ያሳስባት ነበር። ሰው ይመጣል፣ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ያያል፣ የቱን እንደሚያነብ ስለማያውቅ የቆየ ጋዜጣ አገላብጦ ይወጣል።

በግንቦት ወር አንድ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ግድግዳው ላይ ሰቅላ «ያነበባችሁትን ለሌላው ጠቁሙ» ብላ ጻፈችበት። ከሥሩ ብጫቂ ወረቀትና ስፒል አስቀመጠች።

የመጀመሪያው ሳምንት መልካም ሆነ። የባዮሎጂ አስተማሪው መምህር ምህረቴ «የወፍጮ ቤቱ ምስጢር» የሚባለውን ልቦለድ ከአሥር ዘጠኝ ሰጥቶ ሰቀለው። አንዱ የንብ መጽሐፍ ጠቆመ። ሌላው ምን እንዳነበበ ሳይገልጽ «ሁሉም ጥሩ ናቸው» ብሎ ጻፈ።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ስም የሌላቸው ወረቀቶች መታየት ጀመሩ። ጽሕፈታቸው የተዋበ፣ ቀለማቸው ሰማያዊ ነበር።

«የወፍጮ ቤቱ ምስጢር። እጅግ ግሩም ሥራ ነው። ገዳዩ ዘበኛው ነው።»

«ዘመናዊ የንብ አያያዝ። ጠቃሚ ነው። በመጨረሻ ማር ይቆረጣል።»

«መዝገበ ቃላት። ብዙ ተደክሞበታል። በፐ ያልቃል።»

«ከሦስቱ አንዱን። ልብ ይነካል። ልጅቷ ነጋዴውንም ወታደሩንም ትታ ሐኪሙን ታገባለች። ሐኪሙ ይሞታል።»

ይህችን የመጨረሻዋን ያየችው ወይዘሮ እናትነሽ ናት። እናትነሽ ገበያ ላይ ድንችና የድንች ዘር ትሸጣለች። «ከሦስቱ አንዱን» የተባለውን ወፍራም የፍቅር ልቦለድ በምሳ ሰዓቷ እየቆነጠረች ሦስት ወር አንብባው ገና ግማሹን አለፍ ብላ ነበር። ወረቀቷን ቆማ አነበበች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ሄዳ ተቀመጠችና ጉንጯን ደገፈች።

መምህር ምህረቴ ጠጋ አላት። «እትዬ እናትነሽ፣ ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ሐኪሙ» አለች።

«የትኛው ሐኪም? የጤና ጣቢያው?»

«የመጽሐፉ።»

መምህሩም አጠገቧ ተቀመጠ። እሱም የወፍጮ ቤቱን መጽሐፍ ለአራት ጓደኞቹ ጠቁሞ አራቱም ስለ ዘበኛው አንብበው ስለመጡ ሐዘኗ ገባው። ዮዲት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩአቸው።

«ይህን ጽሕፈት አውቀዋለሁ» አለች እናትነሽ። «ከአጎቴ ልጆች ጋር በመሬት ስንከራከር የውሳኔው ግልባጭ የተጻፈው በዚህ እጅ ነው። ይኸው የ‹ው› ጭራ። አምስት ዓመት ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ አየዋለሁ።»

በዚያው ሰዓት አቶ ይኸነው ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡ። አቶ ይኸነው ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያነባሉ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ሲያዩ አልደነገጡም።

«የእኔ ናቸው» አሉ።

«ጋሼ፣ ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?» አለች ዮዲት።

«ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ሰውን ክርክሩ አይጎዳውም፤ ውሳኔ መጠበቁ ነው የሚጨርሰው። እኔም በወጣትነቴ አንድ ልቦለድ ጀምሬ የመጨረሻው አሥር ገጽ ተገንጥሎ ቆሎ ተጠቅልሎበት አገኘሁት። ተጋቡ፣ አልተጋቡ ሳላውቅ አሥራ አንድ ዓመት ኖርኩ።»

«በኋላስ አገኙት?» አለ መምህር ምህረቴ።

«ባሕር ዳር ለሥራ ሄጄ አገኘሁት። ተጋብተዋል።» አቶ ይኸነው ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። «አሥራ አንድ ዓመት ለዚህ። ከዚያ ወዲህ ሌላው ሰው እንዳይጨነቅ እላለሁ።»

እናትነሽ ቀና አለች። «ጋሼ፣ እኔ ግን መጨነቅ ፈልጌ ነበር።»

አቶ ይኸነው ይህን አስበውት አያውቁም ነበር። ባርኔጣቸውን እያዞሩ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ዮዲት አንድ ሐሳብ አመጣች። መጠቆሙን ይቀጥሉ፣ መጨረሻውን ግን አይንገሩ። አቶ ይኸነው ቀኝ እጃቸውን አንስተው እንደ ምስክር ማሉ።

መሐላው ከባድ ሆነባቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ ወረቀት ፊታቸው አድርገው ተቀመጡ። «ግሩም ሥራ ነው» ይሉና እጃቸው እዚያው ይቆማል። በአራተኛው ቀን፣ መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ ብፈልግ ይሻላል ብለው ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አወጡ። «የድንች አጠውልግ በሽታና መከላከያው» ትላለች። ስልሳ ሁለት ገጽ ናት። የጻፏት አቶ ባንተአምላክ የሚባሉ የዳንግላ ሰው፣ የቀድሞ የግብርና ባለሙያ ናቸው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተዋሳት አንድም ሰው አልነበረም።

አቶ ይኸነው በሁለት ቀን የከሰዓት ንባብ ጨረሷት። ከዚያ እንዲህ ብለው ጻፉ።

«የድንች አጠውልግ በሽታና መከላከያው። ድንቹ ምን እንደሚሆን አልናገርም፤ ምያለሁ። ልቡ ያልጠና ሰው ግን ገጽ አርባ ሰባትን ብቻውን ባያነብ ይመረጣል።»

በማግስቱ ጠዋት መምህር ምህረቴ «ለትምህርቱ ይጠቅመኛል» ብሎ ወሰዳት። በሁለተኛው ቀን መለሳት። ፊቱ ሌላ ነበር።

«እንዴት ነው?» አለችው ዮዲት።

«ከአሥር አሥር» አለ መምህሩ። መሄድ ጀምሮ ተመለሰ። «ጠላቱ ከውጭ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ከዘሩ ጋር ነው የሚገባው። ሲያዩት ደህና ድንች ነው፤ ታምኖ ይተከላል...»

«አይንገሩኝ፣ መምህር። ገና አላነበብኩትም።»

በሳምንቱ መጨረሻ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሃያ ሦስት ደረሰ። ዮዲት መጽሐፏ ከአንድ ቀን በላይ እንዳታድር ደነገገች። የባጃጅ ሹፌሮች በር ላይ ቆመው «መለሳት?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። አንድ ምሳ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ተጣሉ። አንደኛው ጥፋቱ የዘሩ ነው ሲል ሌላው መቆፈሪያው ነው አለ፤ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ተሐዋሲውን የሚያደርሰው እሱ ነዋ። «መቆፈሪያው ምን ያውቃል? ተልኮ ነው የሄደው» ብሎ የመጀመሪያው ተነሥቶ ወጣ።

እናትነሽ ተራዋ ሲደርስ ገበያ መሐል፣ ጆንያዎቿ አጠገብ ተቀምጣ አነበበችው። አንድ ሰው ዋጋ ጠየቃት፤ አልሰማችውም። ገጽ አርባ ስትደርስ ቀና ብላ ጆንያዎቹን በየተራ አየቻቸው፤ አብረውት በኖሩ ጎረቤቶቹ መሐል ሌባ እንዳለ እንደተነገረው ሰው። መጽሐፉን እንደጨረሰች ከጀርባው ወዳለው ስልክ ቁጥር ደወለች።

«አቶ ባንተአምላክ ነዎት? ሁለተኛው ክፍል መቼ ነው የሚወጣው?»

«የምኑ?»

«የድንቹ።»

አቶ ባንተአምላክ መጽሐፏን ካሳተሙ ጀምሮ ስለ እሷ የጠየቃቸው ሰው ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም የጠየቁት «ከአልጋ ሥር መቼ ነው የምታነሳልኝ?» ብለው ነው። ሰው እየቀለደባቸው መሰላቸው። እናትነሽ ስለ ገጽ አርባ ሰባት ማውራት ስትጀምር ግን ድምፅዋ ተለወጠ። ያን ጊዜ አመኗት።

የሐምሌ ወር ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ አቶ ባንተአምላክ አንባቢዎቻቸውን ሊያገኙ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከቤታቸው እስከ ዳንግላ መናኸሪያ በጋሪ፣ ከዚያ በሚኒባስ መጡ። የንባብ ክፍሏ ሞልታ ነበር። አንድ ሰው ባልዲውን ገልብጦ ስለተቀመጠበት ዝናቡ በነፃነት ይገባል።

መጀመሪያ የጠየቀችው አንዲት የጸጉር ቤት ባለቤት ናት። «የድንቹን መጠውለግ ሲጽፉ አለቀሱ?»

አቶ ባንተአምላክ አሰቡ። «አላለቀስኩም። ጉንፋን ግን ይዞኝ ነበር።»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ።

መምህር ምህረቴ ተነሣ። «ባክቴሪያው ሲሉ የክፉ ጓደኛ ምሳሌ አድርገው ነው?»

«አይ። ባክቴሪያው ባክቴሪያ ነው።»

«ሰማችሁ?» አለ መምህሩ ወደ ሌሎቹ ዞሮ፤ ይህ መልስ ከጠበቀው በላይ ጥልቅ ሆኖበት ተቀመጠ።

በዚህ መሐል ከበሩ አጠገብ አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። ካሳነሽ ትባላለች፤ በዘንገና በኩል የምታርስ ገበሬ ናት። ለገበያ መጥታ፣ ድንች የሚያውቅ ሰው መጥቷል ሲሉ ሰምታ ነው የገባችው።

«የእኔን ድንቾች አሟቸዋል» አለች። «ሁለት መስመር። ጠዋት ቆመው ያረፍዳሉ፣ ከሰዓት ይወድቃሉ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ቅጠሉ እንደለመለመ ነው የሚወድቀው?» አሉ አቶ ባንተአምላክ።

«እንደለመለመ።»

«ገጽ አሥራ ዘጠኝ» አለ አንድ ሰው በሹክሹክታ።

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አላማከረም። ስድስት ባጃጅ ሞልተው ወደ ዘንገና ወረዱ። አቶ ይኸነው ንጹሕ ውሃ የሞላ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጡ። መንገዱ በተንገጫገጨ ቁጥር ሹፌሩን «ቀስ፣ ልጄ፣ ቀስ» እያሉ፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ቢርስም ግማሹን ውሃ አደረሱት። ባጃጅ ከማይገባበት ጀምሮ በእግር መንገዱ ጭቃ ለጭቃ ተከታትለው ሄዱ፤ በሬ የሚጠብቁ ሰዎች ለቅሶ መስሏቸው ተነሡላቸው።

ማሳው ላይ ሁለቱ መስመሮች በእርግጥ ወድቀው ነበር። አቶ ባንተአምላክ አንዱን ግንድ ከሥሩ ቆርጠው፣ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ብርጭቆው ውሃ አስጠጉት። ሁሉም ዙሪያውን ከበቡ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከግንዱ ጫፍ እንደ ወተት የነጣ ቀጭን ክር ወጥቶ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ።

አቶ ይኸነው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እናትነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አንድ የባጃጅ ሹፌር «እኔ እኮ ገጽ አርባ ሰባት የተጋነነ መስሎኝ ነበር» አለ።

ካሳነሽ ወደ ዮዲት ጠጋ አለች። «እነዚህ ሁሉ የግብርና ሰዎች ናቸው?»

«አይ፣ አንባቢዎች ናቸው።»

«ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት?»

«መጽሐፉን ስለሚወዱት ነው።»

ካሳነሽ ከአጥሩ ማዶ ለቆመች ጎረቤቷ በአዊኛ አንድ ነገር አለቻት። ጎረቤቲቱ አጥሩን ይዛ እስኪደክማት ሳቀች። አዊኛ የሚችሉ ሦስት አንባቢዎች ነበሩ፤ ምን እንደተባለ ግን አንዳቸውም አልተረጎሙም።

አቶ ባንተአምላክ የታመመውንም ከጎኑ ያለውንም መንቀል እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ጀመሩ። አንድም ዓረፍተ ነገር አልጨረሱም። ሰዉ ከአፋቸው እየነጠቀ ጨረሰላቸው። የተነቀለው ከማሳው ርቆ እንዲቀበር፣ እዚያ ቦታ ለጥቂት ዓመታት ድንች እንዳይተከል፣ ገብስ እንዲዘራ ሁሉም ያውቅ ነበር። የጸጉር ቤቷ ባለቤት በከተማ ጫማዋ ገብታ ትነቅል ጀመር። አንድ ሰው መቆፈሪያ ይዞ ወደ ጤነኛው መደብ ሊሻገር ሲል አምስት ሰው በአንድ አፍ «ሳታጥበው» ብሎ አቆመው። መምህር ምህረቴ የጫማውን ሶል ሳይቀር በሳሙና አጠበ። ጉድጓዱን የቆፈሩት በምሳ ቤቱ የተጣሉት ሁለቱ ናቸው፤ አልተነጋገሩም፣ ግን አካፋውን ይቀባበሉ ነበር።

ሲጨርሱ ካሳነሽ ከደህናው መደብ የወጣ ድንች ቀቅላ በሚጥሚጣ አቀረበችላቸው። መጀመሪያ ማንም እጁን አልዘረጋም። ከዚያ አቶ ባንተአምላክ አንዱን ልጠው በሉ፤ በሽታው ሰው እንደማይነካም ተናገሩ።

«ይህ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» አለች እናትነሽ።

«መጻፉን ረስቼዋለሁ» አሉ አቶ ባንተአምላክ፣ በኀፍረት። ቅሬታው እስከ እንጅባራ አልበረደም። በባጃጅ ውስጥ ሁሉ የተወራው ደራሲው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይዘልላሉ የሚል ነበር።

ካሳነሽ ሁለቱን መስመር አጣች፤ የቀረው ድንች ግን ደህና ሆኖ መስከረም ላይ ወጣ። አቶ ባንተአምላክ ከአልጋ ሥር የነበሩትን ቅጂዎች በሁለት ካርቶን ላኩ። በእያንዳንዱ መጨረሻ ላይ «የተቀቀለው ይበላል» ብለው በእጃቸው ጽፈውበታል። ባለቤታቸውም ለእናትነሽ ደውለው አመሰገኑ።

ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት ካሳነሽ ወደ ንባብ ክፍሏ መጣች። ጃንጥላዋን በር ላይ አቆመች፣ እግሯን ጠረገች፣ ዮዲትን ሰላም አለችና ወደ መደርደሪያው አየች።

«የበግ መጽሐፍ አለ?»

«ሦስት አሉ» አለች ዮዲት። «አንዱ ስለ ማድለብ ነው፣ አንዱ ስለ በሽታ ነው፣ አንዱ ተረት ነው።»

ካሳነሽ ሦስቱንም ተቀብላ ሽፋናቸውን አየች። የበሽታውን ወዲያው መለሰችው። በቀሩት በሁለቱ መሐል ብዙ አመነታች። በመጨረሻ ተረቱን መረጠች፤ በጉ በሽፋኑ ላይ ኮት ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ይኼኛው ሞልቶለታል» አለች። መዝገቡ ላይ ስሟን ቀስ ብላ ጻፈች፣ መጽሐፉን ዝናብ እንዳያገኘው በፌስታል ጠቀለለችና ወደ ገበያው ወረደች።