ያለፈው ዓመት ለቀማ

«ያ አላህ! ገፈፈችው እኮ!» አሉ አዴ ኸዲጃ ከላይኛው እርከን ሆነው።

የሰልማ እጅ ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ቀረ። ከቡናው ዛፍ ሥር ያነጠፈችው ሸራ ላይ ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ቅጠሉም ተደባልቆ ወርዷል። ሐኪም ጋራ ላይ ቡና የሚለቀመው ቀይ ቀዩ ተመርጦ፣ አንድ በአንድ ነው። እሷ ግን ጣቶቿን እንደ ማበጠሪያ ከፍታ ቅርንጫፉን ከሥር እስከ ጫፍ ትጎትተዋለች። አንድ ዛፍ ቢሆን ባልከፋ፤ ሦስተኛው ላይ ደርሳለች።

አዴ ኸዲጃ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወረዱ። የአባቷ የአቶ ጀይላን የመሬት ጎረቤት ናቸው፤ አፋቸው የማያርፍ፣ እጃቸው ግን ለሥራ ከአፋቸው የሚፈጥን ሴት።

«እንዲህ አድርጎ መልቀም ማን አስተማረሽ? እጅሽማ ለምዷል!»

«ዩቲዩብ ላይ አይቼ ነው» አለች ሰልማ።

ምን ዩቲዩብ! ጣቶቿ ይህን የተማሩት ባለፈው ኅዳር ነው፤ ቱርክ ውስጥ፣ ከምትማርበት ከተማ በአውቶቡስ አራት ሰዓት በሚያስኬድ፣ ኬሚካል በማይነካው የአንድ ባልና ሚስት የወይራ እርሻ ላይ። በነፃ ለሚሠራ ተጓዥ ምግብና መኝታ ይሰጣል ሲባል፣ የሁለት ሳምንት እረፍቷን ይዛ ከጓደኞቿ ጋር ሄደች። በዚያ እረፍት አባቷ ለቡናው ለቀማ ትደርሳለች ብለው ይጠብቋት ነበር። የነፃ ትምህርት ዕድሉ የደርሶ መልስ ትኬትም ነበረው። እሷ በስልክ «ፈተና አለብኝ» አለቻቸው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሰልማ ግን እያደር ከበደ። በዚያው ሰሞን አቶ ጀይላን ብቻቸውን ሲለቅሙ ከእርከኑ ተንሸራተው ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ወገባቸውን ሳይዙ አይነሱም። ዘንድሮ ግን ሰልማ ለለቀማው ደርሳለች።

«አትቆጫት ኸዲጃ» አሉ አቶ ጀይላን፣ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ቀስ እያሉ እየመጡ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ትምህርት፣ ትምህርት ስል መሬቱን አላሳየኋትም። ከተማ፣ ፈላና በር ሱቅ ውስጥ አሳድጌያት ቡና በምን ታውቃለች?»

«ኧረ ማን ተቆጣ! የኛን ምሁር!» ሳቁ አዴ ኸዲጃ። «ለመሆኑ ያ ፈተና እንዴት ሆነልሽ? አባትሽን ከወደቀበት ሳነሳው፣ ‹ለሰልማ እንዳትነግሪያት፣ ፈተና ላይ ነች› ነበር ያለኝ። እኔና ልጆቼ የቀረውን ቡና እየለቀምን በየሶላቱ ዱዓ አደረግንልሽ፤ ወላሂ!»

«አለፍኩ» አለች ሰልማ፣ ድምጿ ለራሷም በቅጡ ሳይሰማት።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው አዴ ኸዲጃ ላይኛው እርከን ላይ ወዳሉት ልጆቻቸው ተመለሱ።

አቶ ጀይላን አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሸራው አጠገብ ተቀመጡና ቀዩን ከአረንጓዴው ይለዩ ጀመር። ሰልማ ይህን ማየት አልቻለችም።

«አባ፣ ዩቲዩብ አይደለም። እዚያ የሰው እርሻ ላይ ወይራ ስለቅም ነው የለመድኩት።»

«ወይራ? ወይራ ደግሞ ይለቀማል?»

«ፍሬው ለዘይት ይሆናል።»

«መቼ ነው?»

«ባለፈው ኅዳር። ፈተና አልነበረብኝም።»

የአባቷ እጅ ቆመ። «ከፈሉሽ?» አሉ።

«አልከፈሉኝም። ምግብና መኝታ ብቻ ነው።»

«ርቦሽ ነበር?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የምልክልሽ አልበቃሽም?»

«አዎ» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል። እሷን ይቅር ይሏታል፤ ራሳቸውን ግን ዕድሜ ልካቸውን አይምሩም።

«አልራበኝም አባ። ደስ ስላለኝ ነው የሄድኩት። እየሳቅን፣ ፎቶ እየተነሳን ነው የከረምነው።»

«ጀይላን!» ተጣሩ አዴ ኸዲጃ ከላይ። «ልጅቱ ምን ሆና ነው? ታለቅሳለች እንዴ?»

«ምንም አይደለም!» አሉ አቶ ጀይላን ጮክ ብለው። «የፈተናውን ነገር እያወራችኝ ነው። ከብዷት ነበር።»

አቶ ጀይላን ከሱቃቸው ቴምር ሲሸጡ እንኳ «ደርቋል፣ እወቁት» ብለው አስቀድመው የሚናገሩ፣ ገበያተኛ የሚስቅባቸው ሰው ናቸው። አሁን ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ ወደ እሷ ሳያዩ ቡናውን መለየት ቀጠሉ። ሰልማ በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ አፍራ አታውቅም።

እንባዋን በሻሿ ጠርጋ ተነሳች።

«ወዴት ነው?»

«አዴ ኸዲጃ ጋ።»

«ተይው ሰልማ። ሰው ምን ይላል?»

ሰልማ እርከኑን ወጣች። አዴ ኸዲጃ ከሴት ልጆቻቸው መሐል ሆነው ቀና አሉ።

«አዴ ኸዲጃ» አለች፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሟት፣ «ባለፈው ዓመት ዱዓ ሲያደርጉልኝ፣ እኔ ፈተና አልነበረብኝም።»