ሣር የበቀለበት ፊልም

የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ወንዳወቅ የድርቁን ዘመን ጥቁርና ነጭ ፊልም በኮምፒውተር ቀለም ቀብቶ ወልድያ ላይ ለተማሪዎቹ አሳየ። እማማ ዙልፋን ከመርሳ አስመጥቶ ከፊት አስቀምጧቸዋል፤ ፊልሙ ውስጥ ሜዳ ላይ ወድቀው የሚታዩት እናታቸው ናቸው። ኮምፒውተሩ ሜዳውን አረንጓዴ አድርጎታል።

«እንዲህ በለመለመ አገር መራብ ስንፍና ነው» አለ ከኋላ አንዱ። አዳራሹ ሳቀ።

ዙልፋ ወደ መምህሩ ዞሩ። «ልጄ፣ ይኸን ሣር አጥፋው።»

«እማማ፣ ጥቁርና ነጩን ዛሬ ማንም አያይልዎትም። ደግሞ ያምራል።»

«ያምራል» አሉ ዙልፋ። «ያኔ ይኸ ሣር ቢኖር እኔና እናቴ ከከብቱ ቀድመን እንግጠው ነበር። የሞተች ለት አፏን ብከፍተው አፈር ነው ያገኘሁት።»