ሁለተኛው መልስ ከየት መጣ

ጋሽ ቅንፍ በዓለም ላይ ሁለት ሰው ብቻ የሚጽፍበት የኮምፒውተር ቋንቋ ባለቤት ነው። አንዱ ጸሐፊ ራሱ ነው፤ ሁለተኛዋን ወልዶ፣ አሳድጎና አስተምሮ ነው ያገኛት። «ሌላው ቋንቋውን በማስታወቂያ ያስፋፋል፣ እኔ በመውለድ» እያለ በራሱ ይቀልዳል። ቋንቋው ሊስፕ ከሚባለው የድሮ ቤተሰብ የተወለደ ነው፤ በዚያ ቤት ደግሞ ሁለትና ሁለትን ለመደመር እንኳ መጀመሪያ ቅንፍ መክፈት ግድ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ደንበኛው የሆነው የመስታወት ቤት አለቃ ነው። አንድ ቀን ከትከሻው በላይ ወደ ስክሪኑ አይቶ «ይሄ ሁሉ ቅንፍ ተከፍቶ ማን ሊዘጋው ነው?» አለ፤ ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ስሙን የሚያስታውሰው መታወቂያው ብቻ ነው።

ቢሮው ከጎማ ጠጋኝ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ታች ንፋስ መሙያው በተነሳ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆዎቹም ይንጫጫሉ። ሁለት ጠረጴዛ አለ፦ የሱ ወደ ግድግዳ፣ የልጁ ወደ መስኮት። እንጀራቸው የመስታወት መቁረጫ ማሽኖች ነው፤ ማሽኖቹ የሚታዘዙት በሱ ቋንቋ ብቻ ነው። ሥራውንም አባትና ልጅ ተካፍለውታል። እሱ የጻፈው ኢንተርፕሪተሩን ነው፤ ይህ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር እያነበበ እዚያው የሚፈጽም ነው። እሷ የጻፈችው ኮምፓይለሩን ነው፤ ይህኛው ፕሮግራሙን አስቀድሞ ወደ ማሽኑ ቋንቋ ገልብጦ የሚያስቀምጥ፣ ፈጣኑ ነው። ሁለቱ ለአንድ ጥያቄ የተለያየ መልስ ከሰጡ መስታወት ይሰበራል።

ጋሽ ቅንፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሕግ ነበረው፦ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚመልሰው የፕሮግራም ቁራጭ ፈንክሽን ይባላል። ልጁ «ፈንክሽን ሁለት መልስ ይመልስ፣ አባዬ» ስትለው «አንዱን መች በቅጡ መለሰና» እያለ ያልፋት ነበር። ማሽኑ ግን ሁለት ነገር ማወቅ ነበረበት፦ ከዚህ መስታወት ስንት ቁራጭ ይወጣል፣ ስንት ሴንቲስ ይተርፋል? አንድ መልስ ብቻ ስለሚፈቀድ ያንኑ ሒሳብ ሁለቴ ይሠራ ነበር፤ እስኪጨርስ ድረስ ስለቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሠራተኛው ወገቡን ይዞ ይጠብቃል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ጋሽ ቅንፍም አልለቅ ብሎ ከረመ። በኋላ የመስታወት ቤቱ አለቃ ሌላ ማሽን እያየሁ ነው ሲለው በአንድ ጊዜ ለቀቀ፣ ሐሳቡም የራሱ እንደሆነ አድርጎ አወራው።

ደንቡን እሱ ተናገረ፣ እሷ ጻፈች፣ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። የመጀመሪያው መልስ በተለመደው ቦታ ይቀመጣል። የቀረው በአንድ የጋራ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ሳጥኑ ላይም ስንት መልስ እንዳለ ይጻፋል። አንድ መልስ ብቻ ያለው ፈንክሽን ሲመለስ «አንድ» ብሎ ቁጥሩን ማስተካከል ግዴታው ነው፤ አለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጠያቂ ከሱ በፊት የነበረውን ሰው ትርፍ የራሴ ነው ብሎ ያነሳል። «መላሹ ራሱ ያጽዳ፣ ተቀባዩ አይጠየቅም» የሚለውን መስመር በቀይ ያሰመረበት ጋሽ ቅንፍ ነው።

ሥራውን በጀመሩበት ሰኞ ጠዋት ልጁ ወንበሯን ወደሱ አዞረች። በሌላ ከተማ ያለ፣ ሙያው ኮምፓይለር ብቻ የሆነ ድርጅት ሥራ ሰጥቷታል፤ እስከ ዓርብ ቀትር መልስ ይፈልጋል። «አልወሰንኩም» አለችው። «ይሄን ሥራ ጥዬልህ አልሄድም፣ ካላለቀ እምቢ እላቸዋለሁ። ካለቀ ግን... አንተ ምን ትላለህ?»

ጋሽ ቅንፍ ቅሪ ሊላት ፈለገ። አንቺ ከሄድሽ እኔ ከግድግዳው ጋር ላወራ ነው ወይ ሊላት ፈለገ። «እንደ ፈቀድሽ» አለና ተነስቶ ንጹሕ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ሞከሩት። የሱ ኢንተርፕሪተር ለብቻው ሲሮጥ ሁሉም ልክ ነው። የሷ ኮምፓይለርም ለብቻው ልክ ነው። የሷ የሱን ሲጠራ ግን ጉድ ፈላ። «ቁመት» የሚባል፣ የመስታወቱን ቁመት ብቻ የሚናገር አንድ ምስኪን ፈንክሽን አለ፤ ሁለተኛ መልስ ሲጠየቅ «የለም» ማለት ሲገባው «አሥራ ሰባት» አለ። አሥራ ሰባት ሴንቲ ከሱ በፊት ከተቆረጠው መስታወት የተረፈ ነው። የሌላ ሰው ትርፍ እዚህ ምን ይሠራል?

«የኔ ለብቻው ደህና ነው» አለ ጋሽ ቅንፍ አፉን ሞልቶ። «ያንቺ ሲነካው ነው የሚታመመው። በሽታው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም።»

ልጁም አመነችው። አባቷ አይደል።

ማክሰኞ ዕለት የራሱን ንጽሕና በማስረጃ ሊያሳያት ፈልጎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልነካውን ፋይል ከፈተ። «ቁመት» እዚያ አለ፣ በወጣትነቱ የጻፈው፣ አምስት መስመር። ቁጥሩን የሚያስተካክል መስመር ግን የለውም። ኢንተርፕሪተሩ ለብቻው ሲሮጥ ከያንዳንዱ ፈንክሽን ኋላ ኋላ እየሄደ የሚያጸዳ ሌላ ኮድ ስላለ ጉዱ አይታይም ነበር። የሷ ኮምፓይለር በቀጥታ ገብቶ ሲጠራው ግን የሚያጸዳለት ሞግዚት የለም። ራሱ በቀይ ባሰመረበት ደንብ መሠረት ጥፋቱ ከራስ እስከ እግሩ የሱ ነው።

«አገኘሁት» ሊል አፉን ከፈተ። ዓርብ ትዝ አለው። አፉን ዘጋ፣ ፋይሉንም ዘጋ። እስቲ ይሄን ሰው ምን ይሉታል? ክፋት እንዳይባል ፍቅር አለበት፤ ፍቅር እንዳይባል ደግሞ ልጁ ፊቱ ተቀምጣ በሌለ ጥፋት ዓይኗን ታሻለች። ለራሱ ግን ጥሩ አድርጎ አስረዳው። ውሸት አልተናገርኩም፣ ዝም ነው ያልኩት፤ ዝም ማለት ደግሞ በሕግ አያስጠይቅም። እንዲህ ዓይነት ጠበቃ በደሙ ውስጥ እንዳለ እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር።

ረቡዕ ዕለት ልጁ የኮምፓይለሯን ግማሽ አፍርሳ እንደገና ሠራችው። አሥራ ሰባት አለ። ከሰዓት በኋላ ደግማ አፈረሰችው። አሁንም አሥራ ሰባት። ጋሽ ቅንፍ ታች እየወረደ ሻይ ያመጣላታል፣ «አይዞሽ፣ ያጋጥማል» ይላታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ ለዳዋው ሻይ የሚያመላልስ አይጥ ግን ከጋሽ ቅንፍ በፊት አልተሰማም። እሱም ደረጃውን ሲወጣ ይህንኑ ለራሱ ተናግሮ ብቻውን ሳቀ፣ ሻዩ እጁ ላይ ፈሰሰ፣ ይበለኝ አለ።

አመሻሹ ላይ የመስታወት ቤቱ አለቃ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ማሽኔን መቼ ነው የምትለቁልኝ?» አለ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ ከስክሪኑ ሳትነሳ። «ቦታውን ማግኘት አቃተኝ።»

ሰውየው ጥቂት አያት። «ልጄ፣ እኔም መስታወት ሲሰበርብኝ መጀመሪያ የማየው እጄን ነው» አላት። «ሦስት አራት ከተሰበረ በኋላ ግን ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛውን አያለሁ። አንዳንዴ የጎበጠው እሱ ነው።»

ጋሽ ቅንፍ ጉሮሮውን ጠረገ። አለቃው እሱን አላየውም፤ ቢያየው ኖሮ ያኔውኑ ይናዘዝ ነበር፣ ወይም እንደዚያ ብሎ ራሱን አጽናና።

ሐሙስ ጠዋት ሚስቱ ወደ ፋርማሲዋ ልትሄድ ካፖርቷን እየቆለፈች «ልጅቷን ምን ነካት?» አለችው። «ትላንት 'ለዚህ ሙያ የተፈጠርኩ አይመስለኝም' አለችኝ። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ሌላ ነገር ሠርታ አታውቅም እኮ። አንተ ስለ ቅንፍ ሃያ ዓመት ያወራህ ሰውዬ፣ ለሷ የሚሆን አንድ ቃል አጣህ?»

«እነግራታለሁ» አለ።

ሐሙስ ዋለ፣ መሸ። አልነገራትም። ምሳ ሰዓት ላይ ሊጀምር ነበር፤ ንፋስ መሙያው ተነሳና አቋረጠው። ንፋስ መሙያው ቆመ፣ እሱም አልቀጠለም።

ዓርብ ጠዋት እሷ ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ በጠረጴዛዋ በኩል አለፈ። ስክሪኗ ላይ ደብዳቤ ተከፍቷል። ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ ይላል። ዝቅ ብሎ፦ ለቦታው ብቁ ሆኜ ራሴን ስላላገኘሁት ዕድሉን ለተሻለ ሰው ብትሰጡት።

ጋሽ ቅንፍ ሁለቴ አነበበው። የፈለገው ሆኖለታል። ልጁ ልትቀር ነው። ደስታው ይመጣል ብሎ ትንሽ ቆሞ ጠበቀ፤ የመጣው እፍረት ነው። በሕይወቱ እጅግ ብዙ ነገር ሰብሯል፣ መስታወትም ጭምር፤ ይህችን መስበር ግን አላሰበም ነበር።

ተመልሳ ስትገባ እዚያው ቆሞ አገኘችው።

«አትላኪው» አላት። «ጥፋቱ የኔ ነው። 'ቁመት' ላይ ነው ያለው፣ ሳጥኑን አያጸዳም።»

ልጅቷ ተቀመጠች፣ የሱን ፋይል ከፈተች፣ አምስቱን መስመር አየች።

«መቼ አገኘኸው?»

«አሁን» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ተዘጋጅታ ተቀምጣ ነበር። ዋጣት። «ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ» አለች። «ረቡዕ ሻይ አመጣህልኝ።»

«አዎ።»

«አራት ጊዜ።»

«አምስት» አላት። ቢያንስ ቁጥሩ ላይ ላለመዋሸት ነው።

«ለምን?»

ለዚህ ጥያቄ ሦስት ቀልድ አዘጋጅቶ ነበር። አንዱም አልመጣ አለው። «እንዳትሄጂብኝ» አለ። «ሥራው ካላለቀ እምቢ እላለሁ ስላልሽ። ቅሪልኝ ማለት አፍሬ ነው። አንቺ ራስሽን እስክትጠይ ድረስ ዝም አልኩ። ስሙን ልስጠው ብል ሌላ ስም የለውም፣ በድዬሻለሁ።»

ልጅቷ በሱ ፋይል ውስጥ፣ በሱ ፈንክሽን ሥር፣ የጎደለውን አንድ መስመር ራሷ ጻፈችው። ፕሮግራሙን የሚፈትኑ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሙከራዎች ነበሯቸው፣ ሁሉንም አስነሳች። ሁለቱም ወገባቸውን ይዘው ጠበቁ። አንዱም አልወደቀም፤ ቁመት ሁለተኛ መልስ ሲጠየቅ «የለም» አለ። ልጅቷ ደብዳቤውን ሙሉ በሙሉ አጠፋችው፣ በቦታው ሦስት መስመር ጻፈችና ላከችው።

«እመጣለሁ አልሻቸው?»

«አዎ።»

«አሁን ቅሪ ብልሽስ?» አለ ጋሽ ቅንፍ። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ የራሱ ነገር አሳቀው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እሱ ነው።

ወንበሯን አዞረች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ግን ጸጥ ያለ ነበር። «ሰኞ ብትለኝ እቀር ነበር፣ አባዬ። መቅረት ነበር የፈለግኩት። እንድትለኝ ብዬ ነው የጠየቅኩህ።»

ጋሽ ቅንፍ መነጽሩን አወለቀ።

«ዛሬ ጠዋት ደግሞ እቀር ነበር፣ አልችልም ብዬ ፈርቼ» አለች። «አሁን ግን እንደምችል ነገርከኝ።»

«ተቆጥተሻል።»

«በጣም። የምሄደው ግን ተቆጥቼ አይደለም።»

ታች ንፋስ መሙያው ተነሳ፣ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። ከዚያ ልጅቷ በእግሯ ከጎኗ ያለውን ካርቶን ገፍታ ቦታ አበጀች። «ሁለት ሳምንት አለኝ» አለች። «ከዚያ በኋላ ኮምፓይለሩን የሚጠብቀው አንተ ነህ፣ አንተ ደግሞ አንዲት መስመሩን አታውቅም። ወንበርህን አምጣ።»

ወንበሩን አመጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መምህር የነበረ ሰው ጉልበቱን ሰብስቦ ልጁ ጎን ተቀመጠ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ። እሷ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ አስረዳችው፣ ፈጠን ፈጠን እያለች፣ ፊቷን ሳትመልስለት። ሌላ ቀን ቢሆን ገባኝ ብሎ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

«አልገባኝም» አላት። «ድገሚልኝ።»

ቁጣዋ ገና ከድምፅዋ አልወጣም፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ቀስ ብላ ደገመችለት።