የቅዳሜ ለቀስተኞች

እነዚያ ሰዎች ለብዙ ወራት ለቀስተኞች ይመስሉኝ ነበር።

ሊባኖስ፣ ማር ሚካኤል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ያለውን አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የማጸዳው እኔ ነኝ። ስደርስ ስብሰባቸው ሊያበቃ ይቃረባል፤ ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል፣ ቡናው ስኳር የለውም፣ የሶፍቱ ካርቶን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ዓይናቸው የቀላ ሰዎች ተቃቅፈው ይሰነባበታሉ። የሟች ፎቶግራፍ አለመኖሩ ቢያስገርመኝም የሀገሩ ልማድ ነው ብዬ አለፍኩት። ወረባቦ ያደገ ሰው የሐዘን ቤት ደጃፍ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ማን ሞተ ብሎም አይመረምርም። ስለዚህ ባልዲዬን እንደያዝኩ አንገቴን ሰበር አድርጌ «አላህ የርሐሞ» እላቸው ነበር፤ ነፍስ ይማር ማለቴ ነው። እርስ በርሳቸው ይተያዩና «መርሲ» ብለው ያመሰግኑኛል። አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ሳቅ አምልጦት ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሐዘን እንዲህም ያደርጋል ብዬ አዘንኩለት።

የእኔ ሐዘን በውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ነበር። የሊባኖስ አረቄ ውሃ እስካልነካው ድረስ ንጹሕ ውሃ ይመስላል፤ ከባልዲና ከመጥረጊያ ጋር ይዘውት ቢዞሩ ማንም ልብ አይልም። ኮምቦልቻ አማርኛ አስተምር የነበርኩ፣ ለአንዲት ቃል ምርጫ ስጨነቅ የምውል ሴት፣ ለዚህ ነገር ስም ሳላወጣለት ዓመታት ኖርኩ።

ስሙን ያወጣችለት ናባዓ ሰፈር ውስጥ ክፍል የምጋራት ማሚቴ ናት። አንድ ቀን ጠምቷት ፕላስቲኩን አነሣችና በረዶ ባለበት ብርጭቆ ቀዳች። በረዶው እየሟሟ ሲሄድ ፈሳሹ እንደ ወተት ነጣ።

«ነስሪያ፣ ውሃሽን አሞታል መሰለኝ» አለች። ከዚያ አሸተተችው። «ያ ሐራም! አንቺ ሰላት የምትሰግጅው ሴትዮ!»

እኔ ባደግኩበት አገር መጠጥ የሚተወው በመሐላ ነው። ማሚቴ ጠበል ብትመኝልኝም እኔ ቁርኣን ጨብጬ ማልኩ። አፈረስኩ። ለፈረሰው መሐላ ማካካሻ ጾምኩ፤ ብዙም ሳልቆይ ጠጣሁ። ደግሜ ማልኩ። ሰው በቃሉ ካልታሰረ በምን ይታሰራል? ይህን ጥያቄ እያላመጥኩ፣ እየጠጣሁ ከረምኩ።

«የአንቺ መሐላ እንደ ናባዓ መብራት ነው» ትለኝ ነበር ማሚቴ፤ «መጣ ሲሉት ሄደ።»

አንድ ማለዳ ግን አልቀለደችም። ማታ ጋዙን ከፍቼ ሳልለኩሰው እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሯል። መስኮቱን ከፋፍታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እወድሻለሁ እኮ። ግን ካገሬ የወጣሁት አብሬሽ ልቃጠል አይደለም። ጓደኛችን ሲሀም የምትሠራላቸው ሚስተር መጠጥ የተዉበት ስብሰባ አለ አሉ፤ ጠጪዎች ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። ወይ እሱን ትፈልጊያለሽ፣ ወይ ሌላ ክፍል ትፈልጊያለሽ። ኸላስ፣ አለቀ።»

«ከአሠሪዬ ቤት ከወጣሁ ወዲህ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም። መታወቂያ ቢጠይቁኝስ?»

«ጋዝ መታወቂያ ይጠይቃል?»

ሌላ ክፍል ማለት ጋዙን የሚዘጋልኝ ሰው የሌለበት ክፍል መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሲሀም የስልክ ቁጥር አመጣችልኝ። ስደውል አንዲት ሊባኖሳዊት በረጋ ድምፅ አነሡ። ስሜንም፣ ወረቀቴንም፣ ሃይማኖቴንም አልጠየቁም። ቦታውን ብቻ ነገሩኝ፦ ማር ሚካኤል፣ ደረጃው አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን፣ ምድር ቤቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት።

«ተሳስተው ይሆናል ማዳም» አልኩ፤ «እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቅሶ ነው። አዳራሹን የማጸዳው እኔ ነኝ።»

«አላህ የርሐሞ የምትይን አንቺ ነሽ?»

ስልኩን ዘጋሁት።

ለማላውቀው ሰው ነውሬን መናገር ይቻለኝ ይሆናል። እነዚህ ግን የባልዲዬን ድምፅ የሚያውቁ፣ ለወራት ሳጽናናቸው የከረምኩ ሰዎች ናቸው። ሰካራም መሆኔ አዳራሹን በኃላፊነት ለያዘው ሰው ጆሮ ቢደርስ ሥራዬ አበቃ ማለት ነው። ያን ሳምንት ፕላስቲኩን በቀን ብዙ ጊዜ እያነሣሁ አስቀመጥኩ። ማሚቴ አየችኝ፤ ጋዙን ከሲሊንደሩ መዝጋት ጀመረች።

ቅዳሜ ከወትሮው ቀድሜ ደረስኩ። በሩ ላይ አንዲት ሽበታም ሴት ቆመው ያጨሳሉ። ሲናገሩ ድምፃቸውን አወቅሁት፤ ማዳም ሎዲ እንደሚባሉ ነገሩኝ።

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አልኳቸው፤ ለመቀለድ ነበር።

«ማንም። ያኒ፣ ማለቴ፣ እስካሁን።» አልሳቁም።

«በምንድን ነው የምታስምሉኝ?»

«ማስማል? ሐቢብቲ፣ እዚህ የተሰበሰብነው ምለን ምለን ያቃተን ነን። ዛሬ ጠጥተሻል?»

«አልጠጣሁም።»

«ለዛሬ እሱ ይበቃል። ያላ፣ ግቢ፣ ቡናው ቀዘቀዘ።»

«የምናገረው ሌላ ቦታ ቢሰማስ?»

«እኛ አናወራም። ከዚያ በላይ ዋስትና ልሰጥሽ አልችልም።»

ከዚህ የሚበልጥ ዋስትና ቢሰጡኝ ኖሮ ባላመንኳቸው ነበር።

ባልዲውን ከበሩ ውጭ አስቀመጥኩ። ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ ስሜን ተናገርኩ፤ ጠጪ መሆኔንም ተናገርኩ። ሰዎቹ ሲወጡ ወለሉን ወለወልኩ።