የፍሬሙ መስታወት

ድረስ በደባርቅ ከተማ የውኃ ፓምፕ ሠራተኛ ነበር። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ሞተር ያስነሳል፤ ቀን የፈነዳ ቧንቧ ይበይዳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጓሮው ካለችው የቆርቆሮ ክፍል ገብቶ የሰዎችን የብየዳ ማስክ ይጠግናል። ይህን ሁለተኛውን ሥራ እሱ አልፈለገውም፤ ሥራው ነው እሱን ፈልጎ ያገኘው። ብየዳው ሲጫር በራሱ የሚጠቁረው ማስክ ወደ አገሩ የገባ ሰሞን የራሱ ማስክ ቢበላሽበት ከፍቶ ባትሪውን ቀየረ። ወሬው ዳባትን አልፎ አምባ ጊዮርጊስ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በየጓሮው በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ ሁሉ የደከመ ማስኩን በሚኒባስ ሹፌር እጅ ይልክበት ጀመር።

የሚመጣው ብልሽት አብዛኛው ቀላል ነው። ከፊት ያለው ፕላስቲክ በፍንጣሪ ተጠብሶ ይደበዝዛል፤ ይቀየራል። ብርሃኑን የሚያዩት የማስኩ ትንንሽ ዓይኖች በጭስና በአቧራ ይደፈናሉ፤ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋሉ። ባትሪው ይሞታል፤ በእርሳስ ማቅለጫ ካውያ ተነቅሎ ሌላ ይተካል። በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ጠዋት መጥቆሩ ይዘገያል፤ ለዚያ መድኃኒቱ ቤት አሳድሮ ፀሐይ ላይ ማሞቅ ነው። ድረስ ይህን ለሰው ሲናገር አፉ ዝሏል። የሚሰማው ግን የለም። ማስኩን ብረት መሃል ወርውሮ ያድራል፤ ሲበላሽ ወደ ድረስ ይልካል።

በ2007 ዓ.ም. ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከዳባት አንድ ማስክ መጣ። የማዕረግ ነው። ማዕረግ ቴክኒክና ሙያ ተምራ የወጣች ሴት ናት። ባሏ ላቀው የጭነት መኪናውን ይዞ ሊማሊሞን ሲወጣና ሲወርድ፣ እሷ ግቢዋ ውስጥ የብየዳ ማሽን ተክላ የተማሪ ዴስክ እግር ትሠራለች። ማስኩ ከመሰላል ላይ ወድቆባታል። ድረስ ከፍቶ ሲያየው ባትሪው ደህና ነው። ከፕላስቲኩ ቀጥላ ያለችው፣ ዘንበል ሲያደርጓት አረንጓዴና ሐምራዊ የምትመስለው መስታወት ግን ሦስት ቦታ ተሰንጥቃለች።

ያቺ መስታወት ምን እንደሆነች ያውቃል። አንድ የብየዳ አስተማሪ ድሮ አስረድቶታል። «ጥቁረቱ ለማየት እንዲመችህ ነው። የማይታየውን ጨረር የምትመልሰው ይቺ ናት። እሷ ከሌለች ማስክ የለህም» ብሎታል።

የምትተካ ትርፍ መስታወት አልነበረውም። ማዕረግ ደግሞ በስልክ፣ «ጋሼ ድረስ፣ ዴስኩን ለዚህ ሳምንት ቃል ገብቻለሁ፤ እባክዎ ይድረሱልኝ» ብላዋለች። ያን ዕለት ድረስ ሙሉ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ከቧንቧ ጋር ሲታገል ውሎ ወገቡ ተቆርጧል። አይሆንም ማለት ነበረበት። አይሆንም ለማለት ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ለማስረዳት ደግሞ ጉልበት። ከግድግዳው ላይ ያረጀ የፎቶ ፍሬም አወረደና መስታወቱን በልክ ቆርጦ በቦታው አስገባው። ስስ ስለሆነ ወለቅ ወለቅ አለ። ዳር ዳሩን በናስትሮ ደገፈው። ላይተር ጭሮ ቢያስጠጋው ማስኩ እልም ብሎ ጠቆረ።

«ሠራ» አለ ለራሱ። ለባለቤቱ ለእሌኒ፣ «ከሚኒባሱ አድርሽልኝ» ብሎ ሰጥቷት ጫማውን ሳያወልቅ ጋደም አለ።

እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው አልነበረም። በኅዳር ለአምባ ጊዮርጊሱ ቢራራም እንደዚሁ ሠርቶለታል።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። ማዕረግ ናት።

«ጋሼ ድረስ፣ የብየዳ ማሽን የሚገዛ ሰው ያውቃሉ?»

«የማንን ማሽን?»

«የእኔን። ዓይኔ አልቻለም። ትናንት ቀኑን ሙሉ በይጄ፣ ከማታ ጀምሮ አሸዋ የሞሉት ይመስል አልገለጥ ብሎኛል። ማስኩማ ተሠርቶልኛል፤ ምን ጎደለው። ችግሩ ከእኔ ነው። ዓይኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም መሰለኝ።»

 «እስቲ ቆዪ፣ አትሽጪ» አላት ድረስ።

ስልኩን ዘግቶ ፓምፑ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ማንም አልጠየቀውም። ሴትዮዋም ራሷን እንጂ እሱን አልከሰሰችም። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ዳባት ላይ ያልቃል፤ ማሽኑ ይሸጣል፣ ማዕረግ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፣ እሱም ነገ ጠዋት ሞተሩን ያስነሳል። ይህን ባሰበ ቁጥር ድካሙ ከእግሩ ተነስቶ እስከ አናቱ ይወጣበታል። ቢሆንም ፓምፑን እንዲጠብቅለት ተረኛውን ሠራተኛ ለምኖ፣ ከቀትር በኋላ በሚኒባስ ዳባት ወረደ።

በሩን የከፈቱለት የማዕረግ አማት እማማ ይርገዱ ናቸው።

«ግባ ልጄ» አሉት፣ ቃላቸውን እየጎተቱ። «ልጅቷማ ይኸውልህ ተኝታለች። እሳትና ብረት የሴት አይደለም ብዬ ብናገር የአሮጊት ወሬ ነው ተባልሁ። እግዜር በዓይኗ አሳያት። ጤና ጣቢያ ቅባት ሰጥተዋታል፤ በሁለት ሦስት ቀን ይሽርላታል ብለዋል። ከዚያ ወዲያ ግን በቃ! ይቺን እሳት ከግቢዬ አላያትም።»

ማዕረግ መስኮቱ በጋቢ በተጋረደ ክፍል ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ዓይኗ ላይ አድርጋ ተጋድማለች። ድረስ ሰላም ብሏት ማስኩን ጠየቀና ፀሐይ ላይ ይዞት ወጣ። ናስትሮው በብየዳው ሙቀት ሟሙቷል። መስታወቱ ወደ ታች ተንሸራቶ ከላይ የጥፍር ስፋት የምታህል ክፍተት ትቷል። ማስኩን ፊቱ ላይ ሲያደርገው በዚያች ክፍተት ፀሐይዋ ቀጥታ ዓይኑን ወጋችው።

በአውራ ጣቱ ቢገፋው መስታወቱ ሄዶ ቦታው ገጠመ። አሁን ማንም ቢያየው እንከን አያገኝበትም። እማማ ይርገዱ ከደጃፉ ሆነው ያዩታል፤ የሚታያቸው ግን ከደባርቅ ተነስቶ ሊጠይቅ የመጣ አንድ ደግ ባለሙያ ነው።  ድረስ ግን መስታወቱን መልሶ ወደ ታች ሳበውና ወደ ውስጥ ገባ።

«ማዕረግ፣ ችግሩ ከዓይንሽ አይደለም፣ ደህና ዓይን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። የተሰበረችው መስታወት ምን እንደነበረች፣ በምን እንደተካት፣ ናስትሮው እንዴት እንደከዳው፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት።

ማዕረግ ጨርቁን ከዓይኗ አነሳች። ያበጠ የዓይን ቆቧን ለመግለጥ ታግላ ተወችው።

«እንደማይሆን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አይሆንም ቢሉኝ እኮ በድሮው በእጅ በሚያዘው ጥቁር መስታወት እበይድ ነበር። አንድ እጄን ያስይዘኛል እንጂ ምን ነበረበት? ከትናንት ማታ ጀምሮ ልጄን የማውቃት በልቅሶዋ ነው።»

«ደክሞኝ ነበር» አለ ድረስ። ቃሉ ካፉ ሲወጣ ለራሱም አነሰበት።

«እኔስ?» አለች።

 ጨርቁን መልሳ ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ «አሁን የነገሩኝን ለእማማ ይንገሩልኝ። ለላቀውም ደውለው ይንገሩት። እኔ ብናገር ሰበብ ነው የሚመስለው» አለችው።

ድረስ ወጥቶ ለእማማ ይርገዱ እንደገና ከመጀመሪያው ተናገረ። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ሰሙት።  «እኔ እኮ እግዜር ነው ብዬ ነበር፤ ለካ አንተ ነህ» አሉ።  ወደ ምራታቸው ክፍል ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

ላቀው ስልኩን ሲያነሳ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ነበር። መኪናውን አቁሞ አዳመጠ። አልጮኸም፤ ድረስ ቢጮህበት በወደደ።

«እሷ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ።

«ማሽኑን ልትሸጥ ነበር።»

«አሁንስ?»

ከውስጥ ማዕረግ ሰምታ፣ «አልሸጥም በሉት!» አለች።

«አልሸጥም ትላለች።»

«እንግዲያስ አይሸጥም» አለ ላቀው፤ ስልኩም ተዘጋ።

በማግስቱ ድረስ ቧንቧ የሚበይድበትን የራሱን ማስክ ጠራርጎ ለማዕረግ ላከላት። ለራሱ የድሮዋን በእጅ የምትያዝ ጥቁር መስታወት ከቆሻሻ መሃል ፈልጎ አወጣ። በአንድ እጁ መስታወት፣ በአንድ እጁ ብየዳ፤ ቧንቧውን በጉልበቱ ደግፎ ሲሠራ ውሎ ሲገባ አንገቱ አልዞር ይለው ጀመር።

ማዕረግ ዓይኗ በሦስተኛው ቀን ተከፈተ። ደወለችለት፤ ለምስጋና አልነበረም።

«የላኩልኝን ራሴ ሳላየው ፊቴ ላይ አላደርገውም። ምን ምን እንደምመለከት ይንገሩኝ።»

ነገራት። ፀሐይ ላይ ይዘሽ ዳሩን በሙሉ ተመልከች፣ ብርሃን የምታስገባ ቀዳዳ አትኑር። ባለቀለሟ መስታወት የፀጉር ያህል እንኳ ስንጥቅ ካለባት አትንኪው። ከመጀመርሽ በፊት ሞክሪው፤ ካልጠቆረ አትጀምሪ። እያንዳንዱን መልሳ አስደገመችው፤ የምትጽፍ ይመስላል።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አምባ ጊዮርጊስ ሄደ። ቢራራ ስድሳ የተጠጋ በያጅ ነው፤ የዓይኑ ዳርና ዳር ቀልቷል።

«እርጅና ነው» አለ ቢራራ፣ ድረስ ሲጠይቀው። «ማስኬ ምን ሆነ? ይጠቁራል፣ ይነጣል።»

«ስጠኝ ቢራራ። በደንብ አልሠራሁትም። ዓይንህን የሚበላው እርጅና አይደለም።»

«የሠራኸው አንተ፣ የምታፈርሰው አንተ! ነገ የቤተ ክርስቲያን አጥር አለብኝ፤ በምን ልበይድ?»

ተጨቃጨቁ። መንገደኛው እስኪሰማ ቢራራ ተሳደበ። ድረስ ቆሞ ተሰደበ። በመጨረሻ ቢራራ ማስኩን አንስቶ እግሩ ሥር ወረወረለት። ድረስ ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ ማንም መልሶ እንዳይጠቀምበት እዚያው ፊቱ መዶሻ ተውሶ ሰበረው።

ነገሩ በመንገዱ ሁሉ ተወራ። ከጥር በኋላ ወደ ድረስ የሚመጣው ማስክ በግማሽ ቀነሰ። ማዕረግ ዴስኮቹን ዐሥር ቀን አሳልፋም ቢሆን አስረክባለች። ከእንግዲህ ለእሱ ማስክ እንደማትልክ ግን የሚኒባሱ ሹፌር ነግሮታል። ድረስም አልተቀየመም።

ይህ ሁሉ ገና ሳይሆን፣ ያን እሑድ ከአምባ ጊዮርጊስ ሲመለስ እሌኒ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችው። «ሦስት ማስክ መጥቶልሃል» አለችው።

ድረስ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አንስቶ አያቸው። ሁለቱን ወደ ጎን አደረገና፣ «እነዚህ መስታወታቸው ተሰንጥቋል፣ አይሆኑም፤ ነገ ለሹፌሩ መልሽለት» አላት።

«ባለቤቶቹ ለምን ብለው ቢጠይቁኝስ?»

«ቁጥሬን ስጫቸው። እኔ አስረዳቸዋለሁ» አለና፣ የጫማውን ማሰሪያ ለመፍታት ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ።